ባሏ ባሕር ማዶ ያለ

ቄራው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አጭር ነው። ቆዳ ገፋፊ እንፈልጋለን፤ ሴት፤ ባሏ ባሕር ማዶ ያለ። ወረቀቱን ፀሐይ አንጥቶት ፊደሉ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ የሚያድሰው ግን የለም። ከተማው እንደሆነ በቃሉ ሸምድዶታል።

ድሮ ገፋፊዎቹ ወንዶች ነበሩ። ወንዱን ቀጥረው ያስተምሩታል፤ እጁ ሲፈታ ቢላውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ባሕር ማዶ ይነጉዳል። የቄራው ባለቤት ገፋፊ አጥቶ ሁለት መኪና ሙሉ ሥጋ ከተበላሸበት በኋላ፣ ከአራጁ፣ ከተቆጣጣሪውና ከዘበኞቹ በቀር ወንድ በዚህ በር እንዳይገባ አለ። ያላገባች ልጅ ቀጠረ፤ አግብታ ሄደች። ያገባች ቀጠረ፤ አርግዛ ቀረች። መጨረሻ ላይ፣ ማን ሹክ እንዳለው እንጃ፣ የምትሆነውን አገኘ። ባሏ የሄደ ሴት አታገባም፤ አግብታለች። አታረግዝም፤ ባሏ የለም። ብታመሽ ደጅ ቆሞ የት ነበርሽ የሚላት የለም። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ይሄ ነገር የከተማውን ትዳር ገለባበጠው። ሴት ልጅ ያላት እናት ስለ አንድ ጎረምሳ ስትሰማ መልኩንም ጠባዩንም አትጠይቅ፤ ሄዷል ወይስ እዚሁ ነው፣ ይኸው ነው ጥያቄዋ። እዚሁ ላለ ወንድ ልጁን የሚድር ስለሌለ ጎረምሳው ሚስት ለማግኘት ሲል ይሄዳል፤ ልጅቷ ደግሞ ሥራ ለማግኘት ስትል የሄደውን ታገባለች። ሠርጉ የሚደገሰው ለስልክ ነው። ሙሽራው በድምፅ ማጉያ «እሺ» ይላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሙሽሪት በሦስተኛው ቀን ቢላ ልትረከብ ቄራ ትገባለች። ይህን ሰምቶ መሳቅ ያማረው ሰው ይሳቅ፤ የከተማው ሰው ግን ከሳቀ ቆይቷል።

ከገፋፊዎቹ ሁሉ አንደኛዋን ምላጭ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ ነገሩ ግን ምላጭ ቢላ አታበዛም። በጉ በኋላ እግሩ ተንጠልጥሎ ሲደርሳት ቁርጭምጭሚቱ ጋ አንዴ ትቀደዋለች፣ ቢላዋን ወገቧ ላይ ወዳለው ሰገባ ትመልሳለች፣ ከዚያ ቡጢዋን በቆዳውና በሥጋው መሀል ትሰዳለች። ቆዳ የሚለቀው በቡጢ ነው። በቢላ የሚጣደፈው ጀማሪ ነው፤ ቆዳውን ይበሳዋል፤ የተበሳ ቆዳ ገዢ የለውም። በአንድ ሳምንት ሦስት ቆዳ የበሳች ሴት ቢላዋን አስረክባ ወደ ጨው ቤት ትወርዳለች።

ጨው ቤትን ምላጭ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እናቷ ለጥሬው ቆዳ የሚነሰነሰውን ጨው በጀርባዋ ስትሸከም ኖራ፣ ጀርባዋ ሳይሽር ነው የሞተችው። ጨው የነካው ቁስል አይደርቅም። ከሥራ ስትመለስ ጀርባዋን በለብታ ውሃ የምታጥበው ልጇ ነበረች፤ ቀሚሱ ከቁስሉ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ስለዚህ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አገናኟ ሴትዮ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ስታሳያት ፊቱን እምብዛም አላየችው። ያየችው ቢላውን ነው። ባልየው በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ለሃያ ቀን መጥቶ ነበር። ደህና ሰው ይመስላል። ለሃያ ቀን ደህና ሰው መምሰል ደግሞ ማንንም አያቅተውም።

የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። ደመወዙ የሚገባው በአማት እጅ ነው፤ ልጄን ሰጥቼ ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ ይላሉ አማቶች፣ ከተማውም ልክ ነው ይላል። የምላጭ አማት ግን ክፉ ሴት አይደለችም። ከሥራ ስትገባ እግሯን ታጥባታለች፣ ምግቡን ከላይ ከላይ ታወጣላታለች፣ ልጄ ትላታለች። ምላጭም እማማ ትላታለች። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሴቶች ማንም ሳይጮኽባቸው፣ እነሱም በማንም ሳይጮኹ ኖሩ። ምላጭ በሆዷ፣ ትዳር ማለት ይህ ከሆነ ምን ይከፋል ትል ነበር።

አማቶች አንድ ግዴታ አለባቸው። በየወሩ መጀመሪያ ቀን ቄራው ግቢ ውስጥ ይሰለፋሉ፤ ሚዛን የሚሉት ሰው ከዛፉ ሥር ጠረጴዛ አውጥቶ ይቀመጣል። ሚዛን ተቆጣጣሪው ነው፤ ሰውንም ሥጋንም በአንድ ዓይን ስለሚያይ ነው እንዲህ የሚሉት። ሚስት ለሥራዋ ስትል ትዋሻለች፣ እናት ግን ልጇን ጠርታ በሐሰት አትምልም ብሎ ይህን መሐላ ያመጣው እሱ ነው፤ ሞኝ አይደለም። እያንዳንዷ ቀኝ እጇን አንስታ «ልጄ ይሙት፣ ባሕር ማዶ ነው» ትላለች፤ እሱ ቀና ሳይል መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። የምላጭ አማት በእነዚህ ዓመታት አንድም ወር አላስታጎለችም። እውነቷን ስለነበር አፏ አይደናቀፍም።

አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ባልየው የጓሮውን አጥር ዘሎ ገባ።

ምላጭ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ሌባ መስሏት ድንጋይ አነሳች። ሻንጣ የለውም። ጢሙ ደረቱን ነክቷል፤ አንዱ እግሩ ላይ ሸራ ጫማ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ጫማ አድርጓል። ያዙን፣ ጫኑን፣ መለሱን አለ። ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ከአፉ የወጣው ይኸው ነው። አማቲቱ ከጓዳ ወጥታ ስታየው አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ትከሻውን ሳመችው፤ ጉልበቱን ሳይቀር ዳበሰችው። ከዚያ ዕንባዋን ሳትጠርግ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

«ማን አየህ?» አለችው።

ማንም አላየውም ነበር። ይህን ስታረጋግጥ ወደ ምላጭ ዞራ አየቻት፤ ምላጭም አየቻት፤ ሁለቱ ሴቶች ቃል ሳይለዋወጡ ተስማሙ። ከጓዳው በስተኋላ ከሰልና የሽንኩርት ጆንያ የሚቀመጥበት ክፍል አለ። መስኮት የለውም። ፍራሽ አነጠፉለት።

መጀመሪያ እሱም ተስማምቶ ነበር። መንገዱ እስኪከፈት ነው፣ ሁለት ሳምንት ነው፣ ቢበዛ ሦስት፣ ከዚያ ተመልሶ ይሄዳል። መንገዱ ግን ተዘጋ። የሚወስደው ደላላ ራሱ ተያዘ አሉ። ባልየው ቀን ቀን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ በማሰሮ እየሸና፣ ጎረቤት ቡና ስጡኝ ብሎ ሲመጣ ሳሉን በትራስ አፍኖ፣ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን በግድግዳው ያዳምጥ ጀመር። የቤቱ ቆርቆሮ በእሱ ላብ የመጣ ነው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የራሱ ፎቶግራፍ ሳይቀር በእሱ ላብ የመጣ ነው። ፎቶግራፉ ሳሎን ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል፤ እሱ ከከሰል ጋር ይተኛል። ሰው ነውና ነገሩ አንገበገበው፤ ይህን ማንም አይፈርድበትም። የሚፈረድበት ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን አማቲቱ እንደ ልማዷ ራት አቀረበች። እንደ ልማዷ ፍሬ ፍሬውን ለምላጭ አወጣች፤ ቢላ የምትይዘው እሷ ናት። የተረፈውን ሰበሰበችና ለልጇ ሰጠችው። ባልየው ሰሀኑን አየ፣ የሚስቱን ሰሀን አየ፣ ከዚያ የራሱን በእግሩ ገለበጠው። ምላጭ ፍርፋሪውን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ፀጉሯን ጨብጦ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ደገማት። በሦስተኛው አፍንጫዋ ሲሰበር ራሷ ሰማችው። ስትወድቅ ጎኗን በእርግጫ አላት፤ ለመከላከል እጇን ወለሉ ላይ ስትዘረጋ ጣቶቿን ሊረግጥ እግሩን አነሳ። እስከዚህ ድረስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማ የነበረችው አማቲቱ ይሄኔ ጮኸች።

«እጇን እንዳትነካ! አደራህን፣ እጇን!»

የባልየው እግር አየር ላይ ቀረ። አንድ አፍታ አሰበ። ከዚያ እግሩን ከጣቶቿ አሽሽቶ ጎድን አጥንቷ ላይ አሳረፈው። እናቱን የሚሰማ ልጅ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ሕግ ይኸው ሆነ። ባልየው በቀበቶ ጀርባዋን ይገርፋል፣ በቡጢ ሆዷን ይላል፣ ወገቧ ላይ ቆሞ ይረግጣታል፤ እጇን ግን አይነካም። ከክርኗ በታች ያለው የእሱ አይደለም፤ የቄራው ነው፣ የእናቱ ነው፣ የራሱም ራት ነው። ዱላው ሲያበቃ አማቲቱ ቅባት ይዛ ትመጣለች። የምላጭ ጀርባ እየደማ እጇን ትቀባታለች፤ እያንዳንዷን ጣት ከሥሩ እስከ ጥፍሩ ታሻለች፤ ዕንባዋም ቅባቱ ላይ ይንጠባጠባል። ቻይው ልጄ፣ እስኪሄድ ነው ትላታለች። ምላጭ ያኔ ከዱላው ይልቅ ይህን ቅባት ጠላችው። እጇን ግን አትነጥቃትም።

ቄራ ስትገባ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። አፍንጫዋ ያበጠ፣ ዓይኗ የጠቆረ ሴትን ሰው ሁሉ ምን ሆንሽ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባሏ ባሕር ማዶ ያለ ሴት ማን መታኝ ትበል? ወለሉ ላይ በደም አዳልጦኝ ወደቅሁ አለች። በሁለተኛው ሳምንትም አዳለጣት። በሦስተኛው ሳምንት አጠገቧ የምትሠራው ቀጭኗ ገፋፊ ቡጢዋን ከበጉ ሳታወጣ፣ ወለሉ አንቺን ብቻ ነው የሚጠላው አለቻት። ምላጭ ጥርሷን ነክሳ ገፈፈች። ቡጢዋን በሰደደች ቁጥር ጎድኗ ይወጋታል፤ ቆዳው ግን ሳይበሳ ይወርዳል።

መናገር ትችል ነበር። ሚዛን ጠረጴዛ ፊት ቆማ ባሌ መጥቷል ብትል ዱላው በዚያው ቀን ያበቃል። ቢላዋም በዚያው ቀን ያበቃል። ከዚያ ጨው ቤት። ምላጭ ሁለቱን በየቀኑ ትመዝናቸዋለች፤ የባሏ ዱላ ሰንበር ነው፣ ሰንበር ይሽራል፤ ጨው የነካው አይሽርም። እንዲህ ብላ ነው የቻለችው። ቻይነት እንዳይመስላችሁ፤ ስሌት ነው።

ደግሞ ሁሌም ዝም አላለችም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀበቶውን ሲፈታ ቀድማ ዘነዘና አንስታ ቅንድቡን ፈነከተችው። ደሙ ዓይኑን ሸፈነው፤ በዚያው ደገመችው፣ ትከሻው ላይ። የበግን መገጣጠሚያ በጨለማ የምታገኝ ሴት የሰውን ማግኘት አይከብዳትም፤ ሦስተኛውን ከጉልበቱ ሥር አሳረፈችበትና ተንበረከከ። አማቲቱ ሮጣ መጥታ በመሀል ገባች። የምላጭን ሁለት እጅ ይዛ ወደ ብርሃን ወስዳ መረመረች፤ ምንም አልሆኑም። ከዚያ በኋላ ነው ወደሚደማው ልጇ የዞረችው። ባልየው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይህን በደም በታጠበ ዓይኑ አየ። በዚያ ሳምንት ሚስቱን የመታው እስከዚያ ድረስ መትቷት በማያውቅ አኳኋን ነው፤ ሦስት ቀን ቀና ብላ መራመድ አልቻለችም። ሽንቷ ቀላ።

በሚቀጥለው ወር የመሐላው ቀን ዋዜማ ላይ ባልየው ከከሰሉ ክፍል ወጥቶ ሳሎን ተቀመጠ፤ የራሱ ፎቶግራፍ ሥር። ከወጣም አይቀር ጢሙን ተላጭቷል። እንግዲህ በቃኝ አለ። ነገ በፊት ለፊት በር እወጣለሁ፤ ሰው ሰላም እላለሁ፤ ሥራ እፈልጋለሁ፤ የራሴ ቤት ውስጥ እንደ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ አለ። ምላጭ በዚያች ቅጽበት አዘነችለት ማለት ውሸት አይሆንም፤ ከገባ ወዲህ የሰው ነገር ሲናገር የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አማቲቱ ሽንኩርቷን መላጥ አላቆመችም።

«ወጥተህ ምን ልትሠራ?» አለችው። «ወንድ የሚቀጥር የት አለ? ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ አንተ የምትጠቅመን ስትሄድ ነው።»

ምላጭ ዱላውን ጠበቀች፤ እናቱን አይመታም፣ ወደ እሷ ነው የሚዞረው። አልዞረም። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አውርዶ በጉልበቱ ሰበረው፤ መስታወቱን በባዶ እግሩ እየረገጠ ወደ ከሰሉ ክፍል ገብቶ በሩን ራሱ ዘጋው። ጠዋት ምላጭ ስትወጣ ወለሉ ላይ የደም ኮቴ ነበር። አማቲቱ በጨርቅ እየጠረገችው ነበር፤ ለመሐላው ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳለች።

ያን ቀን ለመኪናው የሚጫነው ሥጋ ብዙ ነበር፤ ምላጭ አርባኛዋን በግ ይዛለች። ከግቢው ጩኸት ሰማች፤ አማቶቹ ወረፋ ተጣልተው መስሏት ቀና አላለችም። በኋላ እንደሰማችው ነገሩ እንዲህ ነበር። አማቷ ተራዋ ደርሶ ቀኝ እጇን አነሳች። «ልጄ ይሙት፣ ባሕር ማዶ ነው» አለች። ሚዛን ምልክቱን ሊያደርግ እርሳሱን ሲያስጠጋ በሩ ላይ አንድ ሰው ዘበኞቹን ጥሶ ገባ፤ ከጫማው ደም ይወጣል፤ ይኸው መጣሁ እማዬ፣ ንገሪው አለ።

ሚዛን ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዝገቡ ቀና አለ። ልጅሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ከተሰለፉት እናቶች መሀል ያወቁት ነበሩ፤ ከልጆቻቸው ጋር ኳስ ሲጫወት ያደገ ነው። ግን የአንዷ መሐላ ከተበላሸ የሁሉም ይፈተሻል። ደግሞ ከእነሱ መሀል የራሷን የከሰል ክፍል ቆልፋ የመጣች ስንት እንደነበረች ማን ያውቃል? ሁሉም መሬት መሬት አዩ። የምላጭ አማት እጇ እንደተነሳ ነበር። ዓይኗን በጨው ታጥባ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ ልጄ ባሕር ማዶ ነው አልኩህ እኮ፣ ይሄ እብድ ነው አለች።

ባልየው እናቱ ላይ ተወረወረ። አንገቷን አነቀ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ አብረው ወደቁ። ዘበኞቹ ሦስት ናቸው፤ የያዙት ቆመጥ በሬ የሚነዳበት ነው። የመጀመሪያው ምት ጀርባው ላይ፣ ሁለተኛው ማጅራቱ ላይ አረፈ፤ እጁ የእናቱን አንገት ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሊተዉት ይችሉ ነበር። አልተዉትም። ዱላ አንዴ ሲጀመር የራሱ ጉልበት አለው፤ ዘበኛውም ቤቱ ውስጥ የራሱ ብሶት አለው።

ምላጭን ሲጠሯት ባሏ መሬት ላይ ተጠቅልሎ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ነበር። ቢላዋን ወደ ሰገባው መመለስ ረስታለች፤ ሽርጧ ደም ነው። አማቷ ዛፉን ተደግፋ አንገቷን ይዛ ትተነፍሳለች፤ ምላጭን ስታያት በዓይኗ ብቻ ለመነቻት። ሚዛን ባልየውን ሥጋ መኪናው ላይ እንደሚጫን ነገር በጫማው ጫፍ እየጠቆመ ጠየቃት።

«ይሄ ባልሽ ነው?»

ባልየው በእጆቹ መሀል አንድ ዓይን ብቻ አወጣ። ሌላው አብጦ ተዘግቷል። «ንገሪያቸው» አላት፤ የተሰበረ ጥርስ ከቃሉ ጋር ወጣ። ምላጭ ሰንበሩን አሰበች፤ የቀላውን ሽንቷን፤ ቅባቱን። እነዚህ በቂ ነበሩ፤ ለበቀል ብላ ብትክደው ኖሮ ለራሷም ቀላል ይሆንላት ነበር። እሷ ግን የሰማችው የእናቷ ቀሚስ ከጀርባዋ ሲላቀቅ ነው።

«አላውቀውም» አለች።

ዘበኞቹ እንደገና ቀጠሉ። አንደኛው ቆመጡን ከፍ አድርጎ ራሱን የሸፈኑት ጣቶች ላይ አነጣጠረ። ምላጭ ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ከአፏ ወጣ።

«እጁን ተዉለት። ሰው ነው፤ ሠርቶ ይበላበታል።»

ዘበኛው እጁን ተወለት፤ ጭንቅላቱ ሲገለጥ ጠብቆ መታው። ሚዛን ምላጭን ረጅም ጊዜ አያት። የማይተዋወቅ ሰው ስለ ሰው እጅ እንዲህ እንደማይለምን ገብቶታል። ግን መኪናው ደጅ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፣ ሦስት ገፋፊ በዚያ ሳምንት ጎድሎበታል፣ በቀን ሰባ በግ ሳትበሳ የምትገፍ ሴት ደግሞ ከሌላ ቦታ አያመጣም። ጎንበስ ብሎ መዝገቡን ከአቧራው አነሳና በአማቲቱ ስም ትይዩ ምልክት አደረገ። ሰውዬውን ጎትተው ከበሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር ጣሉት። ምላጭ ወደ ማንጠልጠያዋ ተመለሰች። አርባኛዋን በግ በሳቻት፤ በአምስት ዓመት የመጀመሪያዋ ናት። አርባ አንደኛዋንም በሳቻት። ከዚያ እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ እስኪደነዝዝ ቆየችና ቀጠለች።

መንገደኞች ጤና ጣቢያ አደረሱት። ስሙን የሚያውቅ የለም ተብሎ ያልታወቀ ሰው ተብሎ ተመዘገበ። አማቲቱ በማግስቱ ሾርባ ይዛ፣ ለነፍሴ ብዬ ነው ብላ ገባች። ጆሮው ጋ ጎንበስ ብላ ልጄ አለችው። ሰማ፤ መስማቱን ያወቀችው ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር ነው። ምላጭ በሦስተኛው ቀን ከሥራ በኋላ ሄደች። አንሶላው ፊቱ ላይ ተስቦ ነበር። ነርሷ ታውቂዋለሽ ወይ ስትላት ዳግመኛ አላውቀውም አለች። እጆቹ ከአንሶላው ውጭ ወጥተው ነበር። ራሱ ተፈርክሷል፣ ደረቱ ገብቷል፤ እጆቹ ላይ ግን ጭረት እንኳ አልነበረም።

ማዘጋጃ ቤት ቀበረው። ማልቀስ አይቻልም፤ ልጇ ባሕር ማዶ ያለ እናት ለማን ታልቅስ? ጥቁር መልበስም አይቻልም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ነገ ማግባቷ ስለማይቀር ቄራው አያቆያትም። አማቲቱ የከሰሉ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ፣ የሽንኩርቱን ጆንያ ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ጮኸች። ምላጭ ከውጭ በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ጎረቤት እንዳይመጣ። ከዚያ ቀን በኋላ አማቲቱ ቅባቱን ይዛ ስትመጣ ምላጭ እጇን አልሰጠቻትም፤ የቅባቱን ቆርቆሮ ተቀብላ ራሷ ትቀባለች። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ። እማማ፣ ልጄ መባባል ግን ቀርቷል።

ወሩ ዞረና የመሐላው ቀን ደረሰ። ሚዛን ጠረጴዛውን ከዛፉ ሥር አወጣ፤ አንዱ እግሩ በሚስማር ተጠግኗል። ምላጭ ቢላዋን ለመሳል ግቢው ውስጥ ካለው የስለት ድንጋይ ጋ ነበረች፤ ከዚያ ሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይሰማል። አማቲቱ ተራዋ ሲደርስ ቀኝ እጇን አነሳች። ባሕር ማዶ ነው አለች።

ሚዛን እርሳሱን አንስቶ ጠበቀ። «ማዪልኝ እንጂ» አላት።

ከኋላዋ የቆሙት እናቶች አንገታቸውን ደፉ። ምላጭ ቢላዋን መሳል አቁማ ታያታለች፤ አማቲቱም ዞር ብላ አየቻት፤ መስኮቱ በተዘጋበት እሑድ እንደተያዩት ተያዩ። ምላጭ ራሷን አልነቀነቀችም። ዓይኗንም ከእሷ ላይ አልነቀለችም።

«ልጄ ይሙት» አለች አማቲቱ።

ሚዛን ምልክቱን አደረገ፤ ቀጣይዋን ጠራ። ምላጭ የቢላዋን ስለት በአውራ ጣቷ ሞከረችና ወደ ውስጥ ገባች። ያን ቀን ሰባ ሁለት በግ ገፈፈች፤ አንዱም ቆዳ አልተበሳባትም።